ከትራስ ሥር ያለ ደወል

በእሳት አደጋ መከላከያ ያገለገለ ሰው ሁሉ አባቷን የሚያውቃቸው «አፍንጫ» በሚል ስም ነው። ስሙ የወጣላቸው አፍንጫቸው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እርግጥ ትንሽ ነው ብሎ የሚከራከርላቸውም አልነበረም። ከመኪናው ሳይወርዱ ጭሱን አንዴ ሳብ አድርገው የሚነደው ጥጥ ይሁን ጎማ፣ ጣውላ ይሁን የመብራት ሽቦ ለይተው ስለሚናገሩ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ችሎታ ሥራ ፈት ሆነ። ጎረቤት ሽንኩርት ባሳረረ ቁጥር አምስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የትኛዋ ሴት እንዳሳረረች መናገር ብቻ ቀራቸው። ሴቶቹም ለዚህ ውለታቸው ብዙ አያመሰግኗቸውም ነበር።

ልጃቸው ደግሞ የእሳት ማስጠንቀቂያ ገጣሚ ሆነች። ጣሪያ ላይ ጭስ የሚያሸቱትን ክብ መሣሪያዎች ትሰቅላለች፣ ኮሪደሩ ላይ ሳይረን ታስራለች፣ ሽቦውን ሁሉ ምድር ቤት ዘበኛው አጠገብ ወዳለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ታወርዳለች። ከዚያ ዓመት በመጣ ቁጥር እየዞረች ሁሉንም ታስጮኻለች። አባቷ የሚኖሩበትም ሕንፃ ከምትይዛቸው አንዱ ስለነበር የሕንፃው ልጆች «ጡሩምባ መጣች» እያሉ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሿታል።

አባቷ በሥራዋ ይኮሩም ይንቁም ነበር። እኔ ገብቼ የማጠፋውን እሳት ልጄ ውጭ ቆማ ትጮኽበታለች ይሉና «እሳት አመድ ወለደ» ብለው ይተርቧታል፤ ዘወር ስትል ደግሞ ለዘበኛው፣ ይህን ሁሉ ሽቦ ብቻዋን ነው የዘረጋችው ሲሉ ትሰማቸዋለች። አፍንጫ ላለው ሰው ደወል ምን ያደርግለታል የሚለው የዘወትር ክርክራቸው ነበር። እሷም የእርስዎ አፍንጫ ሲተኙ አብሮዎት ይተኛል፣ የእኔ ግን ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ያድራል ትላቸዋለች። በዚህ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ችግሩ የመጣው ግን በአፍንጫቸው ሳይሆን በጆሯቸው በኩል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የአፍንጫ ጆሮ መድከሙን ከሳቸው በቀር ሕንፃው ሁሉ ያወራው ነበር። ዘበኛው ሰላምታውን ሁለት ጊዜ መስጠት ጀመረ። አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከሳቸው ሥር የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ መንታ ልጆቿን ይዛ የአፍንጫን ልጅ ደረጃ ላይ ስታገኛት፣ የአባባ ሬዲዮ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ዋጠው ብላ በለሆሳስ ነገረቻት። ወሬው በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ደረሰ፤ የፈሩትም እሱን ነበር።

ታላቅ ወንድሟ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው። ከከተማው ዳር ግቢ ያለው ቤት ሠርቶ፣ አንዱን ክፍል ለአባቱ ብሎ ቀለም አስቀብቶ ከጨረሰ ቆይቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም። አባቱ አልሄድም ባሉ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይመጣል። የአባትየውም እምቢታ መሠረት ነበረው። ሚስታቸውን የሸኙት አሁን ከሚኖሩበት ቤት ነው፤ ከበረንዳውም ላይ የእሳት አደጋ መከላከያው ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። የግቢው በር ተከፍቶ ቀዮቹ መኪኖች በወጡ ቁጥር አፍንጫ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። የሚበሉ ከሆነም ጉርሻቸውን ይዘው ይነሳሉ፤ መኪናው ከዓይናቸው ሲሰወር ነው የሚቀመጡት። ከከተማ ዳር ያለው ግቢ ውስጥ ይህ አይታይም።

አንድ እሑድ ወንድሟ በር ላይ ለብቻዋ ያዛትና በራሷ ሙያ መጣባት። ያ ሁሉ ሳይረንሽ ቢጮኽ እሳቸው ይሰማሉ ወይ አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትዪው አንቺ አይደለሽም ወይ አላት።

«በዘንድሮው ፍተሻ ላይ ራስሽ ቁሚና እይ» አላት። «ከሰሙ ዳግመኛ አላነሳውም፣ እዚሁ ይሁኑ። ካልሰሙ ግን በነጋታው ዕቃቸውን እጭናለሁ።»

ፍርዱ ትክክል ስለነበር ተስማማች። ለነገሩ ምን ትበል?

የፍተሻው ቀን ሳይረኑ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ያናውጠው ጀመር። ሰው ጆሮውን እየደፈነ፣ እየሳቀም እየተራገመም፣ በደረጃው ወደ ታች ወረደ። እሷ ሽቅብ ወጣች። የአባቷ በር አናት ላይ የሰቀለችው ሳይረን ከሁሉም የባሰ ጯኺ ነው፤ ሆን ብላ የመረጠችው ነበር። በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። አባቷ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው የእግራቸውን ጥፍር ይቆርጣሉ። ብድግም፣ ዞርም አላሉም፤ አንዱን ጣት ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሄዱ። እሷ የራሷን ትንፋሽ እንኳ መስማት አቅቷት ከኋላቸው ቆመች። ቆይተው ጥላዋን አዩና ዞረው ፈገግ አሉ።

«መጣሽ? መቼ ነው የምትጀምሩት?»

እጇን አንስታ ወደ ጣሪያው ጠቆመች። አባቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጭስ ውስጥ የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና የሷን ፊት ለማንበብ አልተቸገሩም። ጥፍር መቁረጫውን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከተረፈው ጆሯቸው ጋር እየታገሉ ትንሽ አዳመጡ፤ ከዚያ ተዉት። ሳይረኑ እስኪያበቃ ሁለቱም እንደዚያው ቆዩ።

«ለወንድምሽ አትንገሪው» አሉ በመጨረሻ። «እዛ ከወሰደኝ ምን አያለሁ? አጥር ነው የማየው።»

አባቷ ሰው ለምነው አያውቁም። ሚስታቸው ስትታመም እንኳ ሐኪሙን ያዘዙት እንጂ የለመኑት አይመስልም ነበር። አሁን እንዲህ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲለምኗት እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣችና ለወንድሟ ደወለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ገና ሲጮኽ ብድግ አሉ አለችው። ወንድሟም ተመስገን፣ እንግዲያው አፌን ዘጋሁ አላት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ይህ የበለጠ ከነከናት።

ዋሽታ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ጆሮው ለማይሰማ ሰው የሚሆን መሣሪያ አለ፤ ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ከትራስ ሥር ይገባል። በሽቦ ከሳጥኑ ጋር ይታሰርና ደወሉ ሲነሳ ትራሱን አልጋውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ግድግዳ ላይም ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ይገጠምለታል። በዕረፍት ቀኗ መጥታ ሁለቱንም ገጠመች። ዘበኛው ሳይረኑን ፈጥኖ ማጥፋት እንደሚወድ ስለምታውቅ፣ የአባቷን መስመር ለብቻው ለየችው፤ ሌላው ዝም ቢል እንኳ ሳጥኑ በሷ ቁልፍ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ትራሱ መንቀጥቀጡን እንዳያቆም። አባቷ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ እንዳይቀሩ ብላ ነው።

ለሙከራ አባቷን አስተኛቻቸው። የተኛ ሰው መስለው አንኮራፉላት። ዘበኛውን በስልክ ደወሉን ተጫን ስትለው አፍንጫ ከነብርድ ልብሳቸው ተፈናጥረው ተነሱ።

«አህያ የረገጠኝ መሰለኝ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ የሳቁበትን ቀን አታስታውስም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመሣሪያው ስም «አህያው» ሆነ። አባቷ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ እስቲ ከአህያው ጋር ጋደም ልበል ይሏታል። ቤታቸውም በረንዳቸውም በእጃቸው ቀረ። እሷም ሰው ማዳን ማለት ይኸው ነው ብላ ደስ አላት።

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀለም ቀቢ ግድግዳ ሲፍቅ አቧራው ደወሉን አስነሳው። እሷ ሌላ ሰፈር ሥራ ላይ ነበረች። ማታ ስትመጣ አባቷ ድምፃቸው የጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ጠበቃት። አህያው አንዴ ሲረግጠኝ ነቃሁ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ የቀቢው አቧራ ነው፣ ሄጄ አየሁት አሏት። እሷ የሰማችው መንቃታቸውን ብቻ ነው። ሄጄ አየሁት ያሉት በጆሮዋ ገብቶ በጆሮዋ ወጣ። በዚያ ቀን ከሁለቱ ደንቆሮዋ እሷ ነበረች።

ያ የተረገመ ቀን የመጣው በፀሐይ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ዓይኑ በሚከብድበት ሰዓት። ዘበኛው ደውሎ ሦስተኛ ፎቅ አላት፤ እውነተኛ ነው፣ ጭሱ በመስኮት ይታያል። እየሮጠች ስትደርስ ቀዮቹ መኪኖች ቀድመዋት ነበር። ነዋሪው እሷ ባለማመደችው መሠረት ከውኃ ማጠራቀሚያው ሥር ተሰብስቧል።

ዘበኛው ሮጦ ወደሷ መጣና እንደ ሠርግ ወሬ አንድ ባንድ ነገራት። በያጅ ሦስተኛ ፎቅ የበረንዳ ብረት ሲበይድ ፍንጣሪው ዕቃ ቤት ውስጥ በተከመረ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ አረፈ። ጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ ወዲያው ያዘው፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ የጣሪያው ውኃ ራሱ ተከፍቶ ወረደበት። እሳት አደጋዎቹ ቱቧቸውን ዘርግተው ሳይጨርሱ እሳቱ ጠፍቷል፤ የቀረው ጭሱ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሠርቷል ብሎ አመሰገናት። በያጁም ፊቱ ጠቁሮ፣ ከሰው ተለይቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ማንም ውስጥ አልቀረም አላት ዘበኛው።

ሰዉን በዓይኗ ዞረች። አባቷ የሉም። መጀመሪያ ሽቦውን ነው የጠረጠረችው፤ አህያው ሳይረግጣቸው ቀርቶ ተኝተው ይሆናል አለች። ተኝተው ከሆነስ ደግ፣ አምስተኛ ፎቅ ምንም አልደረሰበትም። ወደ ደረጃው ስትሮጥ ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ያዘቻት። መንቶቹ አሁንም እርጥብ ጨርቅ አፋቸው ላይ እንደያዙ ናቸው።

«አባባን ደረጃ ላይ አግኝቻቸዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከኋላችን ይወርዱ ነበር። ስንተኛ ፎቅ ነው ሲሉኝ ሦስት ጣት አሳየኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«አሸተቱና፣ ስፖንጅ ነው፣ የልጆቹን አፍ ሸፍኚ፣ እንዳትቆሚ አሉኝ። እኔ ተከትለውኝ የሚወርዱ መስሎኝ…»

አልጨረሰችውም። እሷም እንድትጨርስላት አልፈለገችም። ሄጄ አየሁት ያሉት ቃል ያኔ ነው ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ የጮኸው። በሷ ሙያ ደወል ማለት ውጣ ማለት ነው፤ በሳቸው ሙያ ደወል ማለት ግባ ማለት ነው። ዘበኛውን አሠልጥናለች፣ ልብስ ሰፊዋን አሠልጥናለች፣ መንቶቹን እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲወርዱ አስተምራለች። አባቷን ግን ደወል ሲነሳ ወደ ውጭ ይሂዱ ብላቸው አታውቅም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንባት አፍራ ነው። አፍንጫን ስለ እሳት ማን ያስተምራል?

በቃሬዛ አወጧቸው። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር፤ ማሠሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። የቡድኑ አለቃ በጎረምሳነቱ በሳቸው ሥር የሠራ ሰው ነው፤ የራስ ቁሩን አውልቆ አጠገቧ ቆመና ያገኙትን ነገራት። የሦስተኛ ፎቅ የደረጃ በር በበያጁ ገመድ ምክንያት ገርበብ ብሎ ነበርና ጭሱ ወደ ደረጃው መውጣት ጀምሯል። አባቷ ገመዱን ነቅለው፣ ከኋላቸው በሩን ገጥመው ዘግተው፣ ሰው ፍለጋ ገብተዋል። ያገኟቸው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ እጃቸው ግድግዳውን እንደያዘ፣ ለሱ በወጣትነቱ እንዳስተማሩት። ውስጥ ማንም አልነበረም።

«በሩን ባይዘጉት ደረጃው ይሞላ ነበር» አላት። ወደ መንቶቹ ተመለከተ። «ከላይ የሚወርድ ሁሉ እዚያው ነበር የሚቀረው።»

ለማጽናናት ብሎ ነው፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ልጆቹን አየቻቸው፣ በሕይወት በመኖራቸውም ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን ውስጧ አልገባ አለ።

ወንድሟ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የመጣው። አባቱን ሲያይ አላለቀሰም፤ አምቡላንሱ ላይ ዘሎ ወጣና እጃቸውን ያዘ። የሕክምና ባለሙያዋ አፋቸው ላይ ኦክስጅን ይዛ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቀች። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ስለነበረች፣ እኔ ይዤ እደርሳለሁ፣ እናንተ ሂዱ አለቻቸው። በሩ ሊዘጋ ሲል ወንድሟ ዞሮ አያት።

«በዚህ ሰዓት እኮ እንቅልፍ ላይ ናቸው» አላት። «ማን ቀሰቀሳቸው?»

መቆጣቱ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቃት። አፏን ከፈተች። ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። ሆድ ይፍጀው ብላ መልሳ ዘጋችው፤ አምቡላንሱም ሄደ።

አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ሳይረኑን ዘበኛው አጥፍቶት ሕንፃው ጭር ብሏል። የአባቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገብታ ቆመችና ሳታስበው አሸተተች፤ ምንም የለም፤ የሳሙናና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ብቻ። መጋረጃው እንደ ነጣ ነው። የጠጡት ውኃ ግማሹ ብርጭቆው ውስጥ አለ። ነጠላ ጫማቸው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዲት የጭስ ቅንጣት እንኳ ይህን ክፍል አልደፈረችውም። አህያው ባይረግጣቸው ኖሮ አሁን ተነስተው ውኃቸውን ጠጥተው፣ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ቀዮቹ መኪኖች ደጃቸው ምን እንደሚሠሩ ቁልቁል እያዩ ስፖንጅ ነው ይሉ ነበር። አሁን በምድር ላይ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት አልነበራትም።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከመሳቢያው አውጥታ ልትወጣ ስትል ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው።

«መድኃኒቱን ተይው እህቴ» አላት።

ሌላ ነገር የሚል መስሏት ጠበቀች። ከጀርባው የመኪና ሞተር ይሰማታል፤ ሳይረኑን ግን አጥፍተውታል።

«አትሩጪ» አላት። «ቀስ ብለሽ ነይ።»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለው መብራት አሁንም ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ትራሱም በተቀመጠችበት በኩል ሰውነቷን እያንዘረዘረ ይንቀጠቀጣል። እንዳያቆም አድርጋ የሠራችው እሷ ነች። መሐሉ ላይ የአባቷ ራስ የተኛበት ጉድጓድ ገና አልሞላም፤ እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ስልኩ እንደገና ጠራ፤ ዘበኛው ነበር። ሳይረኑን አጥፍቻለሁ፣ አንድ መስመር ግን እምቢ አለኝ አላት።

«አምስተኛ ፎቅ አሁንም ይቀሰቅሳል» አላት። «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፤ መጥተሽ ታጠፊዋለሽ?»

እጇን ከትራሱ ላይ ሳታነሳ፣ ትንሽ ይቆይ አለችው።